ኖሪክ አቤ፦ ያሳወቀው ውድቀት፣ የገደለው ዩ-ተርን

የሞተር ሳይክል ውድድር ባትከታተሉም ቫለንቲኖ ሮሲ የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ጣሊያናዊ፣ ቁጥር 46፣ ቢጫ በቢጫ፣ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። ይሄ ሰው ገና ጎረምሳ እያለ ራሱን «ሮሲፉሚ» ብሎ ይጠራ ነበር። የስሙ ግማሽ የራሱ ነው። ሌላውን ግማሽ የወሰደው ከአንድ ጃፓናዊ ነው፤ ከኖሪፉሚ አቤ።

እና ይሄ ጃፓናዊ ስንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆን ነው ሮሲን የሚያክል ሰው ስሙን የተዋሰው? አንድም ጊዜ። ሮሲን ያሳበደው ውድድር ላይስ ስንተኛ ወጣ? አልጨረሰም። ሦስት ዙር ሲቀረው ወደቀ።

ስለዚህ ሰው መጻፍ የፈለግኩት ለዚህ ነው። እንደኔ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ውጤት መቁጠር ይወዳል፤ ስንት ዋንጫ፣ ስንት ነጥብ፣ ስንት ብር። የአቤ ሕይወት በዚህ ሂሳብ ሲሰላ ትንሽ ነው የሚመስለው። አሟሟቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተንጋዶ ነው የሚወራው፤ ፍጥነት ይወድ ነበር፣ ሞተር ላይ ሞተ ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩን ስታዩት ግን እንደዚያ አይደለም።

ስሙ ለኛ ጆሮ አይከብድም። አቤ ሲባል አበበ የሚባል የሰፈር ልጅ ነው የሚመጣልን። (ቶኪዮም ብትሆን አበበን በደንብ ታውቃለች፤ አበበ ቢቂላ በ1964 ኦሎምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው እዚያው ነው።) ዓለም የሚያውቀው ግን ኖሪክ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝና እንቀጥል።

ኖሪክ የተወለደው መስከረም 7 ቀን 1975 ቶኪዮ ውስጥ ነው። አባቱ ሚትሱዎ አቤ በሞተር ነው እንጀራቸውን የሚያበስሉት፤ ግን እኛ ቴሌቪዥን ላይ በምናየው ዓይነት ውድድር አይደለም። ጃፓን ውስጥ «ኦቶ ሬስ» የሚባል ነገር አለ። በሕግ የተፈቀደ የቁማር ስፖርት ነው። ሰዎች ትኬት ቆርጠው በሞተረኞች ላይ ይወራረዳሉ፤ የሚያስተዳድሩት ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ናቸው፤ ገቢ ያገኙበታል። የዚያ ውድድር ሞተሮች ፍሬን የላቸውም። አልተሳሳትኩም፣ ፍሬን የሚባል ነገር የላቸውም። ሜዳው 500 ሜትር ዙሪያ ያለው ሞላላ አስፋልት ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ሁሌ ወደ ግራ ስለሚታጠፉ የመሪው ግራ እጀታ ከቀኙ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። ለማያውቅ ሰው የተሰበረ ሞተር ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ልጁ ያደገው አባቱ ጠዋት ሥራ ሲሄዱ ፍሬን የሌለው ሞተር ላይ ሊወጡ እንደሆነ እያወቀ ነው። ለሱ ሞተር መዝናኛም እብደትም አልነበረም፤ ሥራ ነው። ሌላው ልጅ አባቱን ባንክ ቤት ሲሠራ እንደሚያየው ማለት ነው።

በልጅነቱ በትንንሽ ሞተሮች ጀመረ፤ ከዚያ አፈርና ጭቃ ላይ የሚካሄደውን ሞቶክሮስ ያዘ። 15 ዓመት ሲሆነው ወደ አሜሪካ ሄደ። ለምን አሜሪካ? ይሄን ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል።

በዚያ ጊዜ የሞተር ሳይክል ውድድር ቁንጮ 500 ሲሲ የሚባለው ምድብ ነበር፤ ዛሬ ሞቶ ጂፒ የምንለው የሱ ወራሽ ነው። ከ1975 እስከ 2006 ድረስ የዚህ ምድብ ዋንጫ የተወሰደው ሁሌም በጃፓን ሞተር ነው። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪ፤ ሌላ የለም። ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ግን ጃፓናዊ ሆኖ አያውቅም። ከ1978 እስከ 1993 ባሉት 16 ዓመታት 13ቱን የወሰዱት አሜሪካውያን ናቸው። ኬኒ ሮበርትስ፣ ፍሬዲ ስፔንሰር፣ ኤዲ ላውሰን፣ ዌይን ሬይኒ፣ ኬቨን ሽዋንትዝ። በኔ ሙያ ቋንቋ ስናወራው ጃፓን ሞተሩን ኤክስፖርት ታደርጋለች፣ ሞተረኛውን ግን ኢምፖርት ታደርጋለች። ፋብሪካ ገንብተው፣ ኢንጂነር አሰልጥነው፣ የራሳቸውን ሞተር በራሳቸው ሰው አሸናፊ ማድረግ አቃታቸው።

አሜሪካውያኑ ምን ነበራቸው? ብዙዎቹ ያደጉት አፈር ላይ ነው። እነሮበርትስ ከመጡበት የአፈር ሜዳ ውድድር ላይ የኋላ ጎማ ሁሌም ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ አደጋ ሳይሆን የአነዳድ ዘዴ ነው። ሞተሩን በመሪው ብቻ ሳይሆን በኋላ ጎማው፣ ማለትም ነዳጅ በመስጠትና በመቀነስ ያዞሩታል። የ500 ሲሲው አውሬ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ክብደቱ 130 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ጉልበቱ ከ160 ፈረስ በላይ። ቱ-ስትሮክ ስለሆነ ጉልበቱ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ይተኛና ይተኛና ድንገት ይነሳል። ዛሬ ያሉት ዓይነት ጎማ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠሩ ኤሌክትሮኒክስ አልነበሩም፤ ቁጥጥሩ በቀኝ እጅ አንጓ ነው። የኋላ ጎማ ተንሸራቶ ድንገት መሬቱን መልሶ ሲይዝ፣ ሞተሩ ሰውየውን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ብዙ ታላላቆች እግራቸውን የሰበሩት እንደዚህ ነው።

ኖሪክ አሜሪካ ሄዶ የተማረው ይሄን የአፈር ትምህርት ነው። ከዚያ ጃፓን ተመለሰና አስፋልት ላይ ወጣ። በ1993 በሆንዳ ሞተር የጃፓን የ500 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜው 18 ነው፤ በዚያ ምድብ እንደሱ ልጅ ሆኖ ያሸነፈ አልነበረም። የሚያሳዝነው ግን ልክ ሻምፒዮን እንደሆነ ጃፓን የ500 ሲሲ የአገር ውስጥ ውድድሯን ዘጋች። አዲሱ ሻምፒዮን የሚወዳደርበት ምድብ አገሩ ላይ የለም።

አንድ በር ቀርቶለት ነበር። የዓለም ውድድር ወደ አንድ አገር ሲመጣ ለአስተናጋጁ አገር ተወዳዳሪዎች የአንድ ቀን ቦታ ይሰጣል፤ ዋይልድ ካርድ ይባላል። ነጥብ ተሰብስቦ የሚገኝ ቦታ አይደለም፤ ግባና ሞክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአገር ልጅ ገብቶ ወደ ኋላ አካባቢ ይጨርሳል፣ ቤተሰብ ያጨበጭባል፣ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዋይልድ ካርድ ካልተሳካ የሚያሳጣህ ነገር የለም፤ ከተሳካ ግን ሕይወትህን ሊቀይር ይችላል። ኪሳራው የታጠረ፣ ትርፉ ያልታጠረ ዕድል ለድሃ የሚመች ዕድል ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1994፣ ሱዙካ።

ሱዙካ ሆንዳ ራሱ በ1962 ያሠራው ሜዳ ነው። ቅርጹ ስምንት ቁጥር ይመስላል፤ መንገዱ በድልድይ ራሱን ያቋርጣል። አንድ ዙር ወደ 5.8 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ቀን ከፊት የሚፎካከሩት ሁለት ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ አንደኛው ያለፈው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሱዙኪው ኬቨን ሽዋንትዝ፣ ሁለተኛው የሆንዳው አውስትራሊያዊ ሚክ ዱሃን፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሚሆነው ሰው። እና ከመሃላቸው አንድ ከሄልሜቱ ሥር ረጅም ፀጉር የሚውለበለብለት ልጅ ብቅ ይላል።

ይሄን ውድድር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና እዩት። ምስሉ የድሮ ነው፣ ጥራት የለውም፣ ግን ይገባችኋል። ልጁ የሚነዳው እንደ እንግዳ አይደለም። ሽዋንትዝ ያልፈዋል፣ እሱ መልሶ ያልፋል። ዱሃን በውስጥ ሲገባ እሱ ከውጭ ይዞርና ይመልሳል። የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ ነው፣ ፍሬን የሚይዘው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የ18 ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ የዓለም ውድድሩ፣ ፊት ለፊቱ የዓለም ሻምፒዮኑ፤ ትንሽ እንኳ ማፈር አልነበረበትም? የነበረበት አይመስልም።

ሦስት ዙር ሲቀር፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ኩርባ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ተፈጠፈጠ። እሱ ተነሳ። ሽዋንትዝ አሸነፈ።

ሁለት ቦታ መተው አልቻለም እንዴ? ሦስተኛ ሆኖ ቢጨርስ ፖዲየም ላይ ይወጣ ነበር፤ ለዋይልድ ካርድ ልጅ ያ ተዓምር ነው። አስተዋይ ሰው የሚመክረው እሱን ነበር። እኔም ብሆን ያን ጊዜ አጠገቡ ብኖር የምለው እሱን ነው። ግን እስቲ በገበያ ዓይን እዩት። ሦስተኛ የወጣ የአገር ልጅ ማለት የራሱን ሜዳ ስለሚያውቅ ያገኘው ነው ተብሎ ይረሳ ይሆናል። ያን ቀን ቡድን መሪዎቹ ያዩት ውጤቱን አይደለም፤ ልጁ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተሟገተ ነው። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ሲግናል የሚባለው ይሄ ነው፤ የውጤት ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ነው፣ ግን ያየው ሁሉ ይዞት የሄደው መረጃ በጣም ብዙ ነው።

ጣሊያን ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ያንን ውድድር በቪዲዮ ደጋግሞ አየው። ሮሲፉሚ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከዚህ የበለጠ ለኑሮው የጠቀመው ግን ሌላ ተመልካች ነው። ኬኒ ሮበርትስ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ የያማሃን ቡድን እየመራ ነበር። ቡድኑ ከባድ ሐዘን ላይ ነው። ዋና ተወዳዳሪው ዌይን ሬይኒ በመስከረም 1993 ሚዛኖ ላይ ወድቆ ከደረቱ በታች ሽባ ሆኗል፤ ያን ጊዜ የዓለም ዋንጫውን ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ለመውሰድ እየመራ ነበር። ሮበርትስ አዲስ ሰው ይፈልጋል። የአፈር ልጅ የሆነው ሮበርትስ የአፈር ትምህርት ያለውን ልጅ ሲያይ ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። የ1994 የውድድር ዘመን ሳያልቅ ኖሪክ ከሆንዳ ወጥቶ ያማሃ ላይ ነበር። የጃፓን ሁለቱ ትልልቅ ባላንጣዎች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም።

1995 ሙሉ ዓመት ተወዳደረ፤ ዘጠነኛ ሆኖ ጨረሰ። መማሪያ ነበር፣ እንለፈው።

ሚያዝያ 1996 ደግሞ ያው ሱዙካ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያው ሜዳ፣ ያው የመጀመሪያ ኩርባ። ዕድሜው 20። አሁን አልወደቀም። አሸነፈ። ጃፓናዊ በ500 ሲሲ የዓለም ውድድር ሲያሸንፍ ታካዙሚ ካታያማ በ1982 ስዊድን ላይ ካሸነፈ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በአገሩ ሜዳ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ በአገሩ ሞተር። ያ ሞተር ኤክስፖርት፣ ሞተረኛ ኢምፖርት ያልኳችሁ ነገር ለአንድ ቀን ተሰበረ። ዓመቱን አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ የተሻለ ደረጃ በሕይወቱ አላገኘም።

ስለዚህ የሚቀጥሉትን ዓመታት እንዴት እናንብባቸው? ቁጥሩን ደርድሬ ልስጣችሁ፤ 1997 ሰባተኛ፣ 1998 ስድስተኛ፣ 1999 ስድስተኛ፣ 2000 ስምንተኛ፣ 2001 ሰባተኛ፣ 2002 ስድስተኛ። አያችሁ? ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። መጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከሬይኒ ጋር ነበር፤ አዎ፣ ያ ሽባ የሆነው ሬይኒ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የያማሃ ቡድን ይመራ ነበር። ከዚያ ወደ ስፔኑ የዳንቲን ቡድን ሄደ፤ የፋብሪካው ዋና ቡድን አይደለም፣ ጥሩ ሞተር ግን ነበረው።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ሳይደርስ ቀረ ይላል። እኔ አልስማማም። በዓለም ላይ በዚያ ምድብ ቋሚ ቦታ የሚያገኘው ከሃያ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ከነሱ ውስጥ ዓመት ከዓመት ስድስተኛና ሰባተኛ መሆን ማለት በዚያ ሥራ ላይ ከመላው ዓለም ሕዝብ ሰባተኛ መሆን ነው። እናንተ በምን ሥራ ከዓለም ሰባተኛ ናችሁ? እኔ ከሰፈሬም አይደለሁም። ችግሩ ያ የ1994 ውድድር ነው፤ በ18 ዓመቱ በጣም ከፍ ያለ ዋጋ ለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር ነው የሚነጻጸረው።

ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ እንደገና አሸንፏል። አንዱ በጥቅምት 1999 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ። ሁለተኛው በሚያዝያ 2000፣ ገምቱ የት? ሱዙካ። በዚህኛው ላይ ከተሸነፉት ውስጥ ወደ ትልቁ ምድብ ገና የገባ አንድ የ21 ዓመት ጣሊያናዊ አለ። ሮሲ ራሱ። ስሙን የተዋሰውን ሰው ከኋላ ሆኖ አየው። ሮሲ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኖሪክ ግን ከዚያ በኋላ አላሸነፈም። ሦስት ድል፣ 17 ጊዜ ፖዲየም፤ ጠቅላላ ሂሳቡ ይሄ ነው።

2002 ላይ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያናድደኝ። በዚያ ዓመት ሕጉ ተቀየረ። አዲስ ትልልቅ 990 ሲሲ ፎር-ስትሮክ ሞተሮች ገቡ፣ የድሮዎቹ 500 ሲሲ ቱ-ስትሮኮችም አብረው ይወዳደራሉ ተባለ። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ሜዳ ላይ ግን ቀጥታ መንገድ ላይ አዲሱ አሮጌውን ጥሎት ይሄዳል። ኖሪክ አብዛኛውን የዓመቱን ውድድር በአሮጌው ነው የነዳው። እና ስድስተኛ ሆነ። አሮጌ ሞተር ይዞ ከዓለም ስድስተኛ!

ምን ተሸለመ? በ2003 ቋሚ ቦታ አጣ። የያማሃ ሞካሪ ተደረገ፤ ማለትም ሌሎች የሚወዳደሩበትን ሞተር እየነዳ ያሻሽላል፣ አንዳንዴ ሰው ሲጎዳ ይተካል ወይም በዋይልድ ካርድ ይገባል። በ18 ዓመቱ የገባበት በር በ27 ዓመቱ ተመልሶ መጣ። ወንበሩ ጥቂት ነው፣ ከታች የሚመጣ ወጣት ብዙ ነው፣ ስፖንሰሩ አዲስ ፊት ይፈልጋል። በሌላ ሥራ የ27 ዓመት ሰው ገና ሲቪ እያስገባ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሱዙካ ሌላ ታሪክ ጻፈ። ዳይጂሮ ካቶ፣ የ2001 የ250 ሲሲ ሻምፒዮን፣ ጃፓን የመጀመሪያውን የትልቁ ምድብ ዋንጫ ከሱ የምትጠብቀው ልጅ፣ በውድድሩ መጀመሪያ ዙሮች ላይ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 20 ቀን 2003 ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። የዓለም ሻምፒዮናው ከዚያ በኋላ ወደ ሱዙካ አልተመለሰም። ኖሪክን ኖሪክ ያደረገው ሜዳ ተዘጋ ማለት ነው።

2004 ቴክ 3 በሚባለው የፈረንሳይ ቡድን ለያማሃ አንድ ዓመት ሙሉ ተወዳደረ፤ በዚያው ዓመት ሮሲም ወደ ያማሃ መጥቶ ነበር፣ ለዋናው ቡድን። ከዚያ ኖሪክ ወደ ወርልድ ሱፐርባይክ ሄዶ 2005 እና 2006ን እዚያ አሳለፈ። በ2007 አገሩ ገብቶ የጃፓን ሻምፒዮና ላይ ይወዳደር ጀመር። እየጨረሰ ያለ ሰው መንገድ ነው፤ ግን 32 ዓመቱ ነው፣ በሚያውቀው ሞተር፣ በሚያውቀው አገር። ከጎን ደግሞ ልጆችን ማሰልጠን ጀምሯል፤ በራሱ ስም የታዳጊዎች ቡድን አቋቁሟል።

ጥቅምት 7 ቀን 2007፣ እሁድ ምሽት፣ ካዋሳኪ ከተማ። (ከሞተሩ ካዋሳኪ ጋር እንዳታምታቱት፤ ከቶኪዮ አጠገብ ያለ ከተማ ነው።) ኖሪክ የሚነዳው ቲማክስ የሚባለውን 500 ሲሲ የያማሃ ስኩተር ነው፤ ሰው ሥራ የሚሄድበት፣ ገበያ የሚወጣበት ዓይነት። ከፊቱ የነበረ የጭነት መኪና ዩ-ተርን ለመዞር መንገዱን ዘጋበት። ቦታው ዩ-ተርን የተከለከለበት ነው። ተጋጩ። ሆስፒታል ወሰዱት፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ሞተ። 32 ዓመት ከአንድ ወር።

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ያነሳሁት ነገር የሚመጣው። የሞተር ተወዳዳሪ ሞተር ላይ ሞተ ሲባል ሁላችንም በጭንቅላታችን የምንሠራው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ፍጥነት ገደለው፣ በራሱ መጣ፣ የሚወደው ነገር በላው። የኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው። የአክስቴ ልጅ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን መኪና ምልክት ሳያሳይ ታጥፎበት ወድቆ ክንዱ ተሰነጠቀ። ሊጠይቀው የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ሞተር አደገኛነት መክሮት ሄደ። ስለ ታጠፈው መኪና ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። እሱም ምክሩን እየሰማ ዝም ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

አዳም ስሚዝ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ እንዳስረዳው ከባድና የማይመች ሥራ ሰው እንዲገባበት ከተፈለገ የተሻለ መከፈል አለበት። ኖሪክ ሜዳ ላይ የወሰደው አደጋ እንደዚያ ነው። አውቆ ነው የገባው፣ ተከፍሎበታል፣ ሁሉም ሰው ለዚያ አደጋ ተዘጋጅቷል። ሜዳው ዳር ጠጠር ተነጥፏል፣ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሰዎች አሉ፣ ሐኪም ቆሟል፣ የቆዳ ልብስ ለብሷል። ከሁሉ በላይ ግን ሜዳ ላይ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። የአባቱን ፍሬን የለሽ ውድድር አስታውሱ፤ ፍሬን ሳይኖራቸው ሰዎች ለዓመታት የሚኖሩበት ምክንያት አንዱ እሱ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ይዞራል፣ ፊቱን አዙሮ የሚመጣብህ የለም። ሱዙካ ላይ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳህ ከፊትህ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ በግምት ታውቃለህ። ካዋሳኪ ላይ በከተማ ፍጥነት እየነዳህ አታውቅም።

የመንገዱ አደጋ ግን ማንም ያልከፈለበት አደጋ ነው። ሹፌሩ ዞሮ መምጣት ሰልችቶት ይሁን ቸኩሎ፣ ያተረፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። የዚያን ጥቂት ደቂቃ ዋጋ የከፈለው ግን በውሉ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው። ኤክስተርናሊቲ ብለን ፈተና ላይ ስንጽፈው የፋብሪካ ጭስና የወንዝ ብክለት ነበር ምሳሌያችን። እኔ አሁን ቃሉን ስሰማ የሚመጣብኝ ያ የጭነት መኪና ነው።

እና የኖሪክን ሁለት አደጋዎች አንድ ላይ ማስቀመጥ አልወድም፤ ብዙ ሰው ግን ያስቀምጣቸዋል። የ1994ቱ የራሱ ነው። ዘግይቶ ፍሬን የመያዝ መብት ነበረው፤ ያገኘውንም ያጣውንም ያመጣው እሱ ነው፣ ስሙንም የሠራለት እሱ ነው። የ2007ቱ ግን የሌላ ሰው ውሳኔ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ካሉ አስቸጋሪ ሞተሮች ጋር ታግሎ ያልሞተን ሰው ፍጥነት ገደለው ማለት ለሹፌሩ የሚከፈል ዕዳ ስረዛ ነው።

አባቱ በሕይወት ነበሩ። ያ ዕድሜያቸውን ፍሬን በሌለው ሞተር ያሳለፉ ሰው ልጃቸውን ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው የጀመረውን የታዳጊዎች ቡድን ትተው አልተቀመጡም፤ ቲም ኖሪክ በሚል ስም ይዘውት በጃፓን ሻምፒዮና ላይ ወጣቶችን ያሰልፉ ነበር፣ በያማሃ ሞተር። ቡድኑ በሱዙካው የስምንት ሰዓት ውድድር ላይም ተሳትፏል። ያ ውድድር የሚካሄደው እነሽዋንትዝ በተሟገቱበት ሜዳ ላይ ነው፤ ሲጀመር ሁሉም ሞተሮች አንድ ላይ ሆነው የሚገቡት ልጁ ወደወደቀበት ወደ መጀመሪያው ኩርባ ነው።